ነጥብ የሌለው ፍሬን

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ይባል፤ እኔ ከተረት ጋር ጠብ የለኝም። ግን ሲጠረጥር ኖሮ የገዛ ቤቱን ሊመነጥር የደረሰም ሰው አለ፤ እሱን የሚያነሳው የለም። እንግዲህ እኔ ላንሳው።

ሰውየው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው «ጋሽ ቆጠራ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው የለም። አንድ ጥቅል ክር ከግምጃ ቤት ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈርማል። ሦስተኛው ፊርማ የመጀመሪያውን ከመሰለው «አንድ እጅ ነው የፈረመው!» ይልና አራተኛ ያስጨምራል። ስኳር ተገዝቶ ሲገባ ቤት ባለው ሚዛን ይመዝነዋል። ጎረቤት «እንዴት አደርክ?» ሲለው «ደኅና» ከማለቱ በፊት ሰውየው ምን ፈልጎ እንደሆነ በልቡ ያጣራል። ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፣ ኧረ በጭራሽ! ሰርቆ አያውቅም፣ ዋሽቶ አያውቅም። ችግሩ ሌላው ሁሉ የሚሰርቅና የሚዋሽ ይመስለዋል።

ከዚህ ሁሉ ጥርጣሬ የተረፉ ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛዋ ሚስቱ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፣ ከስፌት መኪናዋ በቀር ድምጿ አይሰማም። ሁለተኛው ብስክሌቱ ነው።

ብስክሌቱን የገዛው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው፣ አዲሱን፣ ከነመጠቅለያ ላስቲኩ። በገዛው ዕለት ግቢው ውስጥ ገለበጠና በመዶሻና በሹል ምስማር ከፍሬኑ እስከ ፔዳሉ፣ ከኋላ ጥርሱ እስከ ኮርቻው ብረት በየዕቃው ላይ ሦስት ሦስት ነጥብ መታበት። ግምጃ ቤትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ዕቃ መለወጡ የሚታወቀው በምልክት ነው ባይ ነው። ስለ ነጥቦቹ ለማንም አልተነፈሰም፣ ለሚስቱም ጭምር። ከተነገረማ ምኑን ምልክት ሆነ?

ከዚያ ወዲያ የብስክሌት ጠጋኝ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። «እነሱ?» ይላል። «ደኅናውን ዕቃህን ፈተው አሮጌ ይገጥሙልሃል፣ ያንተን ለሌላው ይሸጡታል። ካንዱ ፈተው ለሌላው፣ ከሌላው ፈተው ላንዱ! ከተማው በሙሉ የሰው ዕቃ ነው የሚነዳው!» ጎማ ሲፈነዳበት ራሱ ይለጥፋል። ጎማው ሲያልቅ ራሱ ሱቅ ሄዶ፣ ባለሱቁ እያየው ላስቲኩን በጥርሱ ነክሶ ፈትኖ ይገዛና ራሱ ይለውጣል። ሌላው ሁሉ የሚኖረው በአያያዝ ነው ይላል። የሰፈሩ ሰው በቃሉ የያዘው ጉራው ይኸው ነበር፦ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከጎማ በቀር አንድ ዕቃ ሳይለወጥለት እንደ አዲስ የሚሄድ ብስክሌት። እርግጥ ነው፣ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ፍሬኑ ደክሞበት ቁልቁለቱን በጫማው ሶል መሬት እየጎተተ ይወርድ ነበር። ግን አንድ ቀን አንዲት ብሎን ጠበቅ አደረጋትና የዓመቱን ቆጠራ ጨርሶ ሲመለስ ፍሬኑ ቀጥ አድርጎ ያቆመው ጀመር። ያችን ብሎን ለሠራተኛው ስንቴ አውርቷታል! «አያያዝ ነው!» ይላል ጣቱን ቀስሮ።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰንሰለቱ ውስጥ አሸዋ ገብቶ ቅርር፣ ቅርር ሲልበት ብስክሌቱን ገለበጠና በላምባ ሊያጥበው ተቀመጠ። የኋላውን ጥርስ አጠበ። ግራሶው ለቀቀ፣ ብረቱ ብቅ አለ፤ ሦስቱ ነጥብ የለም። በጨርቅ ወለወለው፤ የለም። መነጽሩን አመጣ፤ የለም። ፔዳሎቹን አጠበ፣ ሁለቱን ፍሬን አጠበ፤ የለም፣ የለም! ዐሥራ ዘጠኝ ዕቃ ላይ ከመታው ምልክት የተረፈው አራት ላይ ብቻ ነው፦ መሪው፣ የፊት ሹካው፣ ኮርቻው የሚቆምበት ብረትና ደወሉ።

መሬት ላይ ዘጭ አለ። «ተዘረፍኩ!» አለ። ግን በሹክሹክታ ነው ያለው፤ ሌባው አጠገብ ቢሆንስ?

«ምን ሆነህ ነው መሬት ላይ የተቀመጥከው?» አለች ሚስቱ በመስኮት ብቅ ብላ።

«ምንም።»

«እጅህ ይንቀጠቀጣል እኮ።»

«ላምባው ቀዝቅዞኝ ነው» አላት። ዋሽቶ የማያውቀው ሰውዬ ዋሸ፤ ነገሩን በሆዱ ይዞ ሊያጣራ ነዋ!

እሑድን ሲያሰላ ዋለ። ብስክሌቱ ቀን ቀን ከዓይኑ አይርቅም፣ ቤት ሲሆን በሁለት ቁልፍ ነው የሚታሰረው። የሚስቱ ወንድም ይሆን? ባለፈው መጥቶ «ግሩም ብስክሌት ነው» ብሏል፤ ሰው ያለ ምክንያት ግሩም አይልም። የፋብሪካው ዘበኛ ይሆን? ያ ሰው ሁልጊዜ ፈገግ ይላል፤ በዘበኛ ደመወዝ ፈገግታ ከየት መጣ? እንዲህ እንዲህ እያለ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ በተራ እየጠራ በልቡ አሰረ፣ ፈታ፣ መልሶ አሰረ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት የኋላውን ፍሬን ከነሽቦው ፈትቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ የብስክሌት መለዋወጫ ወደሚሸጥበት መንገድ ሄደ። በሩን ጎማ፣ ጣሪያውን ቸርኬ የሞላው ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ተቀምጣለች። ጋዜጣውን ፈታላት።

«ይህ ፎርጂድ ነው፣ አይደል?»

ሴትዮዋ አገላበጠችው፣ በጥፍሯ ጫር አደረገችው። «ኧረ ኦሪጅናል ነው ጋሼ! ከየት አገኙት? እኔ ጋ እንኳ ካለቀ ወር አልፎታል።»

«የኔን ወስደው ነው ይህን የገጠሙብኝ።»

«የርስዎ አዲስ ነበር?»

«የአሥራ አንድ ዓመት።»

ሴትዮዋ ሳቋ መጣባት፤ ልትውጠው ሞክራ አልሆነላትም። «ውይ ይቅርታ ጋሼ! አሮጌውን ወስዶ አዲስ የሚያስገባ ሌባ ከሆነ እባክዎ አድራሻዬን ይስጡልኝ። በሬን ከፍቼለት ነው የማድረው!»

እሱ አልሳቀም። እሷንም ጨምሮ መጠርጠር ጀመረ። እሷ ግን ነገሩ ገርሟት ዕቃውን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። «ደግሞ ይዩ እስቲ፣ ማርጀቱ የውሸት ነው። እዚህ ጋ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቷል። ላዩ ላይ ደግሞ ያገለገለ ግራሶ ቀብተውበታል። አሮጌውን ወልውሎ አዲስ ነው የሚል ሞልቷል፤ አዲሱን አቆሽሾ አሮጌ የሚያስመስል ግን በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ቆይ... ይህን ሽቦ ያዩታል? ጫፉ እንዳይበታተን በቀይ መዳብ ተጠምጥሟል። እንዲህ የሚጠመጥም አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ቆርጦ ነው የሚተወው።»

«ማነው?»

«ከድልድዩ ማዶ ያለው ብስክሌት ጠጋኝ ነዋ። ዝምታው እንለዋለን። እጁ ግን ወርቅ ነው።»

ጋሽ ቆጠራ ዕቃውን ነጥቋት ወጣ። ወርቅ እጅ! ከሚወስደው የሚሰጠው የሚበልጥ ሌባ ከተራ ሌባ ይልቅ ያስፈራል። ሰው ለሰው በነጻ ፍሬን አይገጥምም፤ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። ይህ ዝምታው የሚባለው ምን ፈልጎ ነው? ምኔን ሊወስድ ነው?

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ድልድዩን ተሻገረ። ከጠጋኙ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ገብቶ መታወቂያውን ኮፒ እንዲያደርጉለት ሰጠና በመስታወቱ አሻግሮ ማየት ጀመረ። ጺሙን ያሳደገ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ቸርኬ እያሽከረከረ ሽቦዎቹን ያቃናል። አጠገቡ አጭር በርጩማ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ከፈተችና የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ሰጠችው፤ ሰውየው ፈጠን ብሎ ጠረጴዛው ሥር ከተተው። ከዚያ አንድ ነገር አላት። እሷም አንድ ነገር መለሰችለትና ሳቀች። አፏን በመዳፏ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

ያንን ትከሻ ያውቀዋል። ሚስቱ ናት።

«ጋሼ፣ ስንት ኮፒ ልበል?» አለችው የፎቶ ኮፒዋ ልጅ።

«ድገሚው» አለ። «ድገሚው» እያለ የገዛ ፊቱን አራት ጊዜ አስገለበጠ።

እዚያው ዘሎ መግባት ይችል ነበር፤ ግን የግምጃ ቤት ሰው ነው፣ ማስረጃ ሳይሞላ አይከስም። ማታ ገበታ ላይ ቀስ ብሎ «ዛሬ የት ዋልሽ?» አላት።

«እህቴ ጋ ደርሼ መጣሁ» አለች፤ ቀና ብላም አላየችው።

በቃ። የያዘውን ጉርሻ መልሶ ገበታው ላይ አስቀመጠው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ያልጠረጠራት ሴት ዓይኑ ሥር ዋሸችው። ከዚያ በኋላማ ሁሉም ነገር መልክ ያዘለት። ብስክሌቱን ማንም ሳያይ የሚነካው የቤት ሰው ብቻ ነው። አምና ደግሞ የራስ መከላከያ ቆብና የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ገዝታ «ስትነዳ አድርገው» ብላው ነበር። ያኔም ቅር ብሎት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ተወው፤ አሁን ገባው። ማዘናጊያ ነው! የበደለች ሴት ስጦታ ታበዛለች። እንግዲህ ውሽማ ለባልየው ፍሬን ይገዛል ወይ? ለባል ፔዳል የሚቀይር ባላንጣ የት አገር ታየ? ይህንን ጥያቄ አእምሮው ጠይቆት ነበር፤ ግን ቅናት የገባበት ልብ ጥያቄ አይወድም።

የሚገርመው፣ ቁጣው ብዙ አልቆየም። ሌላ ነገር ገባበት፤ ፍርሃት። አንዲት ልጃቸው ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ ከሄደች ሁለት ዓመቷ ነው። ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሱና እሷ ናቸው። ጠዋት ተነስቶ የስፌት መኪናውን ድምፅ ካልሰማ እግሩ ለሥራ አይነሳም። ይህች ሴት ብትሄድ ምን ይዋጠው? ከማን ጋር ይበላል? ማን «እጅህ ይንቀጠቀጣል» ይለዋል? በዚህ ዕድሜው ብቻውን ሊቀር ነው። መጠየቅ ይችል ነበር እኮ! «ለምን ዋሸሽኝ?» ማለት ምን ያስከፍላል? ግን ጥያቄ ለሚያምኑት ሰው ነው፤ ለተጠርጣሪ ወጥመድ ነው የሚጠመድለት።

ወጥመዱ ደግሞ ደጁ ላይ ነበር። በየዓመቱ የግምጃ ቤቱ ሙሉ ቆጠራ አለ፤ ሦስት ቀን ይፈጃል። የፋብሪካው መኪና ከቤቱ ይወስደዋል፣ ሦስቱንም ቀን እዚያው ያድራል፣ ብስክሌቱ ቤት ይቀራል። ይህን ሲያስብ ግንባሩን መታ። በየዓመቱ! የዘንድሮው ቆጠራ የሚጀምረው ሐሙስ ነው።

ሐሙስ ጠዋት እንደ ወትሮው ልብሱን በቦርሳ ያዘ፣ ሚስቱን ተሰናበተ፣ መኪናው ውስጥ ገባ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ሾፌሩን «አቁም፣ የረሳሁት አለ፣ እናንተ ሂዱ» አለው።

«ጋሽ ቆጠራ ረሳ?» አለ ሾፌሩ በመስታወት እያየው። «ዛሬ ዝናብ ይጥላል!»

ወርዶ ጥግ ይዞ ቆመ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ በሩ ተከፈተና ሚስቱ ብስክሌቱን እየገፋች ወጣች። ሁለቱንም ቁልፍ ፈትታዋለች! ትርፍ ቁልፎቹን አሮጌ ጫማ ውስጥ ነበር የደበቃቸው፤ ባሏ የደበቀበትን ቦታ የማታውቅ ሚስት ካለች አሳዩኝ። በርቀት ተከተላት። ድልድዩን ተሻገረች፣ ከጠጋኙ ቤት ገባች። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይጮኻል፤ ፋብሪካው ነው። በሥራ ዘመኑ ሙሉ ከቆጠራ ቀርቶ የማያውቅ ሰው ስልኩን ዘጋና መቶ ድረስ ቆጠረ። ከዚያ ዘሎ ገባ።

«እጅ ከፍንጅ!»

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሬዲዮ ቀስ ብሎ ያወራል፣ ግራሶ ይሸታል። ብስክሌቱ ተገልብጧል። ሚስቱ በሁለት እጇ ቸርኬ ይዛለች። ጺማሙ ሰውዬ ጉልበቱ ላይ አዲስ ኮርቻ አስቀምጦ በብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል። ሁለቱም ደርቀው ቀሩ።

«ቆጠራው ዛሬ አይደለም እንዴ?» አለች ሚስቱ።

«ቆጠራው እዚህ ነው! ንገሪኝ፣ ከዚህ ሰው ጋር ስንት ዓመትሽ ነው? እኔን አሞኝተሽ፣ በገዛ ቁልፌ ከፍተሽ፣ እዚህ የምትመላለሺው ስንት ዓመት ነው? ከእኔ ጋር የማትስቂውን ሳቅ እዚህ የምትስቂው ስንት ዓመት ነው?»

ሚስቱ ነገሩ ቶሎ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ እንዴት እንደተለወጠ ልነግራችሁ አልችልም። ቸርኬውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ግራሶው ቀሚሷን ሲያበላሸው ግድ አልሰጣትም።

«ስለ እሱ ነው የምትጠረጥረኝ?» አለች። «እኔን?»

«አይቻለሁ!»

«እሺ፣ ካየህ ስማም። ልጃችንን ከኋላህ ጭነህ ያንን ቁልቁለት ስትወርድ በየጠዋቱ በር ላይ ቆሜ አይሃለሁ። ጫማህን የምወለውለው እኔ ነኝ። ሶልህ ተበልቶ ካልሲህ ሲወጣ ያየሁት እኔ ነኝ። ፍሬኑን አሠራው ብዬ ለመንኩህ፣ አለቀስኩ፤ ሌቦች ናቸው አልከኝ። ከዚያ ለቆጠራ ሄድክ። እኔም እየገፋሁ እዚህ አመጣሁት። ‘አዲስ ግጠምልኝ፣ አሮጌ አስመስልልኝ፣ ካወቀ ነቅሎ ይጥለዋል’ አልኩት። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ አመጣዋለሁ። ፍሬኑን፣ ሰንሰለቱን፣ ጥርሱን፣ ኩሽኔታውን። ሰፍቼ በማገኘው።»

ሰውየው ያቺ ያጠበቃት ብሎን ትዝ አለችው። ግን ምላስ የለመደውን አይተውም።

«ልጅቷ አድጋ ከሄደች በኋላስ? ለምን አላቆምሽም?»

«አንተስ ሰው አይደለህም?» አለች።

«ማክሰኞ... ለምን ሳቅሽ?»

«የኮርቻውን ብር ስሰጠው ‘አዲሱን ምን አድርገን አሮጌ እናስመስለው?’ ቢለኝ ‘አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጥበት’ አልኩት። መሳቅም ሚዛን ላይ ይወጣል እንዴ አሁን?»

ጠጋኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰ። «ጋሼ፣ እኔ በየዓመቱ ይንገሯቸው እላቸው ነበር» አለ፤ ከዚያ ኮርቻውን ማሸት ቀጠለ።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው እግሯ ላይ ይወድቅ ነበር። ማንም ቢሆን! የሰፈራችን ሰካራም እንኳ እንዲህ ዓይነት ነገር ቢሰማ ያለቅሳል። ጋሽ ቆጠራ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?

«እሺ... ታዲያ አሮጌዎቹ ዕቃዎቼ የት ገቡ?»

የገዛ ጆሮውን አላመነም። ጥያቄዋ ግን ከአፉ ወጥታ ሄዳለች።

«ይህችን ጥያቄ» አለች ሚስቱ፣ «አሥር ዓመት ሙሉ ስጠብቃት ነበር።» ወደ ጠጋኙ ዞረች። «አውጣለት።»

ጠጋኙ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ አንድ የቀለም ቆርቆሮ ጎትቶ አወጣ፤ ከባድ ነው። ክዳኑን ፈነቀለው።

«አንድ ቀን ሌባ እንደምትለኝ አውቅ ስለነበር አንድም አልጣልኩም» አለች። «ቁጠር።»

ቆጠረ። አዎ፣ ተንበርክኮ ቆጠረ! ከመለመዱ የተነሣ እጁ ራሱ ገባ። አንድ አንድ እያወጣ በአውራ ጣቱ እየጠረገ ሦስት ነጥቡን እየፈለገ መሬት ላይ ደረደራቸው። ሰንሰለቱ አለ። ጥርሱ አለ፤ ጥርሶቹ ተበልተው እንደ መርፌ ሾለዋል። ፔዳሎቹ አሉ። በመጨረሻ ሁለቱን ፍሬን አወጣ። ላስቲኩ አልቆ ብረቱ ራሱ ተልጧል፤ የያዘው ብሎን ግማሽ ድረስ ተሰንጥቋል። ያንን በጣቱ ሲዳስሰው ልጁ ከኋላው ወገቡን ይዛ «አባዬ፣ ፈጠን በል!» ስትለው ተሰማው። እሱ እየፈጠነ ነበር። በዚህ ፍሬን እየፈጠነ ነበር። እንባው ሳይታሰብ ዱብ አለ።

ዐሥራ አምስት። ሁሉም አለ። ቀና ሲል ሚስቱ የለችም።

«የት ሄደች?»

«ሲቆጥሩ ወጡ» አለ ጠጋኙ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ሰውየው በእግሩ ሮጠ። ድልድዩን ሮጠ፣ ቁልቁለቱን ሽቅብ ሮጠ፣ ያን ሁሉ ዓመት በብስክሌት የወጣውን ዳገት ሳል እያፈነው ወጣ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ኪሱ ውስጥ አሥራ ሁለት ቁልፍ ይዟል፤ ለመቀርቀሪያ አንዱም አይሠራም።

አንኳኳ። የስፌት መኪናው ድምፅ የለም።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

መቀርቀሪያው አልተሳበም።

«አጥፍቻለሁ» አለ በሩን ተደግፎ። ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብሎ ያዳምጣል፤ ያዳምጥ! «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ። እመኚኝ።»

«እመኚኝ?» አለች ከውስጥ። ድምፅዋ ቅርብ ነው፤ እሷም በሩን ተደግፋለች። «ይህን ቃል ታውቀዋለህ እንዴ? ስማኝ፣ እህቴ ጋ ልሄድ ልብሴን እየሰበሰብኩ ነው። ልብሴን ሰብስቤ ሳልጨርስ አንድ ነገር አድርግ። ወደዚያ ሰውዬ ተመለስ። ብስክሌቱን ስጠው፣ ቁልፎቹን ስጠው፣ አዲስ ዕቃ ግጠም በለው። ከዚያ ትተህለት ና። ሳትቆም፣ ሳታይ፣ ምልክት ሳትመታ፣ ወረቀት ሳትቀበል። ይህን ማድረግ ካልቻልክ አትምጣ፤ እኔም ከዚህ በኋላ በየቀኑ ስመዘን አልኖርም።»

ተመለሰ። ጠጋኙ ቤት ሲደርስ ብስክሌቱ እንደተገለበጠ ነው፤ አሮጌዎቹ ዐሥራ አምስቱ መሬት ላይ እንደደረደራቸው ናቸው። ቁልፎቹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እጁ ሊለቃቸው አልፈለገም፤ ሁለት ጊዜ አስቀምጦ ሁለት ጊዜ አነሳቸው።

«አዲሱን ግጠምልኝ» አለ። «የመሰለህን ሁሉ።»

«ቆመው ያያሉ? በርጩማ አለ» አለ ጠጋኙ፤ በደግነት ነው ያለው።

በርጩማውን አየው። ሚስቱ የተቀመጠችበት ነው። ቢቀመጥ ማን ያያል? ለአምስት ደቂቃ ብቻ፣ አዲሶቹን ዕቃዎች አንድ ጊዜ ብቻ በዓይኑ ቢያያቸው? «አይ» አለ፣ «እኔ ልሂድ» አለና ወጣ። ድልድዩ ላይ አንገቱ ዙር ዙር አለው። ምን እየሠራ ይሆን? ያኛውን ኮርቻ ለሌላ ሰው ቢሰጠውስ? አልዞረም። የድልድዩን ብረት ይዞ እንደ ሽማግሌ አንድ አንድ እርምጃ እየተራመደ አልዞረም።

በሩ ላይ ደረሰ። ከውስጥ የሻንጣ ዚፕ ሲዘጋ ሰማ። በችኮላ አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ትተኸው መጣህ?»

«ትቼው መጣሁ።»

እሱ በእሷ ቦታ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የሚለውን አሳምሮ ያውቀዋል፦ ማን አየህ? ምስክር አለህ? የታል ወረቀቱ? ኪሱን ዳበሰ። ምንም የለውም፤ አንድም የሚያሳየው ነገር አልያዘም። በየትኛው አፉ እንደሚያሳምናት ጨነቀውና ጥያቄዋን መጠበቅ ጀመረ።

ምንም አልጠየቀችውም። መቀርቀሪያውን ስባ ከፈተችለት።